ኮድን በኢንተርኔት ላይ በጥንቃቄ ማጋራትና የመሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክትትል ፖሊሲ፦ ለፕሮግራመሮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ፕሮግራመር ኮድ ለሌላ ሰው ሳያሳይ የሚሠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዱ ስሕተቱ ያልገባውን ጥቂት መስመር ገልብጦ በጥያቄና መልስ መድረክ ላይ ይለጥፋል፤ ሌላው ለባልደረባው በቴሌግራም ይልካል፤ ሌላው ደግሞ የሥራ ልምዱን ለማሳየት ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ተለይተው መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ይህን ኮድ የማጋራት መብት አለኝ ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በኮዱ ውስጥ መውጣት የሌለበት ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። በተግባር ግን ብዙዎች ሁለቱንም አልፈው «መሥሪያ ቤቱ ያየኝ ይሆን?» በሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ላይ ሲጨነቁ ይገኛሉ። ከክትትል መሸሸግ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ አይሆንም፤ እንዲያውም በቅን ልቦና የተሠራን ቀላል ጥፋት ሆን ተብሎ የተፈጸመ ያስመስለዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከፖሊሲው ይጀምራል፣ ወደ ኮምፒውተሩ ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ኮዱ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ፖሊሲውን ፈልጎ ማንበብ

ክትትልን የሚመለከቱት ደንቦች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰነድ ውስጥ አይገኙም። የሥራ ውሉ ስለ አእምሯዊ ንብረት የሚናገር አንቀጽ ይኖረዋል፤ የምስጢር ጥበቃ ስምምነት ለብቻው ተፈርሞ ሊሆን ይችላል፤ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት አጠቃቀም ፖሊሲ ደግሞ በአይቲ ክፍሉ ወይም በሰው ሀብት አስተዳደር እጅ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከይለፍ ቃል መጠየቂያው በፊት ብቅ የሚለውና ማንም ሳያነብ «እሺ» ብሎ የሚያልፈው ማሳሰቢያም የዚሁ አካል ነው፤ ብዙ ጊዜ ክትትል እንደሚደረግ በይፋ የሚገለጸው በዚያ ላይ ነውና።

ሲያነቡ ለሚከተሉት ጉዳዮች መልስ ይፈልጉ። ክትትሉ የሚመለከተው የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ብቻ ነው ወይስ ለሥራ የሚያገለግል የግል ስልክዎንም ይጨምራል? የሚሰበሰበው የተጎበኙ ድረ ገጾች ዝርዝር ብቻ ነው ወይስ የገጾቹ ይዘት፣ የማያ ገጽ ምስልና የኪቦርድ ምት ጭምር ነው? የተሰበሰበውን መረጃ ማን ያየዋል፣ ለምን ያህል ጊዜስ ይቀመጣል? የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶችን መጠቀም ተፈቅዷል፣ ከተፈቀደስ የትኞቹን? ከሥራ ሰዓት ውጭ በራስዎ ኮምፒውተር የሚጽፉት ኮድ የማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ችላ ይባላል። ከድርጅቱ የሥራ መስክ ጋር የሚዛመድ ማንኛውም ፈጠራ፣ በትርፍ ጊዜ የተሠራ ቢሆንም እንኳ፣ የአሠሪው ነው የሚል አንቀጽ የያዙ ውሎች አሉ። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሁሉ በየአገሩ ሕግ ፊት ይጸናል ማለት አይደለም፤ ሆኖም መኖሩን ማወቅ የሚገባው የግል ፕሮጀክት ከተጀመረ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው።

ፖሊሲው በጽሑፍ ካልተገኘ ወይም አሻሚ ከሆነ በአጭር ኢሜይል ይጠይቁ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ የሰጠው ሰው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳልና መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ።

ሕግ በዚህ ረገድ የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሁለት ምሳሌዎች ግን አቅጣጫውን ያሳያሉ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት መስከረም 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የሩማንያ ሠራተኛ በሥራ ኮምፒውተር የተለዋወጣቸው የግል መልእክቶች በአሠሪው በመነበባቸው የቀረበን ክስ ተመልክቶ፣ የግል ሕይወት የመከበር መብቱ ተጥሷል ሲል ወስኗል። ችሎቱ አሠሪ ፈጽሞ መከታተል አይችልም አላለም። ክብደት የሰጠው ሠራተኛው ክትትል እንደሚደረግበትና እስከ ምን ድረስ እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር ወይ፣ በቂ ምክንያትስ ነበረ ወይ፣ ጫናው የቀለለ ሌላ መንገድስ አልነበረም ወይ ለሚሉት ጥያቄዎች ነው። በአሜሪካዋ የኒውዮርክ ግዛት ደግሞ ከግንቦት 2022 ጀምሮ የሠራተኞቹን ኢሜይል፣ ስልክ ወይም የኢንተርኔት አጠቃቀም የሚከታተል የግል አሠሪ ይህንኑ ለአዲስ ተቀጣሪ በጽሑፍ የማሳወቅና ማረጋገጫ ፊርማ የመቀበል ግዴታ አለበት። በሁለቱም ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ክትትል ከተደረገ ሠራተኛው ይወቀው የሚል።

ደረጃ 2፦ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያይ ማወቅ

የተሳሳቱ ግምቶች በብዛት የሚገኙት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል።

ክትትል በተለያዩ ቦታዎች ይካሄዳል። የመጀመሪያው ኔትዎርኩ ነው። አንድ ድረ ገጽ ግንኙነቱን ቢያመሰጥርም የመሥሪያ ቤቱ ኔትዎርክ ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄዱ፣ መቼ እንደሄዱና ምን ያህል መረጃ እንደላኩ በተለመደው አሠራር ማየት ይችላል፤ የገጹን ይዘት ግን አያይም። ይህ የሚለወጠው አሠሪው የራሱን ሥር ሰርተፊኬት (ኮምፒውተሩ የድረ ገጾችን ማንነት የሚያምንበትን ዲጂታል ማረጋገጫ) በኮምፒውተሩ ላይ ሲጭን ነው። በዚያን ጊዜ በመሐል የተቀመጠ መሣሪያ ግንኙነቱን ፈትቶ ይዘቱን ያነብብና እንደገና አመሥጥሮ ያስተላልፈዋል፤ ብራውዘሩም የመቆለፊያውን ምልክት እንደ ወትሮው ያሳያል። ይህን ለማጣራት ከአድራሻው አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭነው የሰርተፊኬቱን ዝርዝር ይክፈቱና ሰርተፊኬቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። በይፋ ከሚታወቅ ሰጪ ይልቅ የድርጅትዎ ወይም የአንድ የደኅንነት መሣሪያ አምራች ስም ካገኙ፣ የሚጽፉትና የሚለጥፉት ሁሉ በመንገድ ላይ የሚነበብ መሆኑን ይወቁ።

ሁለተኛው ቦታ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። እዚያ ላይ የተጫነ የክትትል ወይም የመረጃ ፍሰት መከላከያ ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ዲስክ የተገለበጠን ፋይል፣ ኮፒ የተደረገን ጽሑፍ፣ ወደ ግል ኢሜይል የተያያዘን ሰነድ ሊመዘግብ ይችላል። ቪፒኤን እዚህ ላይ አያድንም፤ ቪፒኤን የሚያመሰጥረው ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ነው፣ ፕሮግራሙ ግን የሚያየው ከመውጣቱ በፊት ነው። የብራውዘር ስውር መስኮትም የሚያደርገው ታሪኩን በራሱ ብራውዘር ውስጥ አለማስቀመጥ ብቻ ሲሆን፣ ከኔትዎርኩም ሆነ ከክትትል ፕሮግራሙ አይሰውርም። በክሮም ምናሌ ግርጌ ላይ ብራውዘሩ በድርጅት የሚተዳደር መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከታየ፣ አሠሪው ቢያንስ የብራውዘሩን አሠራር የሚወስንበት መንገድ አለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ቦታ ብዙዎች የማያስቡት ነው። የመሥሪያ ቤቱ የኮድ ማከማቻ፣ የመልእክት መለዋወጫና የደመና ማከማቻ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ። ማን የትኛውን ሪፖዚተሪ (የአንድ ፕሮጀክት የኮድ ማኅደር) መቼ እንዳወረደ፣ የትኛውን ፋይል ለውጭ ሰው እንዳጋራ ከዚያ ይታወቃል። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም የክትትል ፕሮግራም ባይኖር እንኳ ይህ መዝገብ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ የሚመነጨው ተግባራዊ ምክር አጭር ነው። በሥራ ኮምፒውተር ላይ የሥራ ጉዳይ ብቻ ይሥሩ። የባንክ ሂሳብዎን፣ የሕክምና ቀጠሮዎን፣ የግል ኢሜይልዎን በራስዎ ስልክ ላይ፣ በራስዎ የኢንተርኔት መስመር ይክፈቱ። በሥራ ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ በግል አካውንትዎ ገብተው የይለፍ ቃላትን ማመሳሰል በተለይ አደገኛ ነው፤ የግል የይለፍ ቃላትዎ ወደ መሥሪያ ቤት፣ የመሥሪያ ቤቱም ወደ ቤትዎ ኮምፒውተር እንዲሻገሩ መንገድ ይከፍታል። የክትትል ፕሮግራሙን ለማጥፋት ወይም ለማለፍ ግን አይሞክሩ። በአብዛኞቹ ፖሊሲዎች ይህ ብቻውን የዲሲፕሊን ጥፋት ነው፤ ከዚያም በላይ ያው ፕሮግራም ኮምፒውተርዎን ከቫይረስና ከሰርጎ ገቦች የሚጠብቀው ሊሆን ይችላል። ክትትሉ ከልክ አልፏል ብለው ካመኑ ጥያቄውን ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ለሠራተኛ ማኅበር ወይም ለመረጃ ጥበቃ ኃላፊ በይፋ ያቅርቡ።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ፖሊሲ የሚያወጡ ኃላፊ ከሆኑም አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮግራመሮች ኮድ በድብቅ ወደ ውጭ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ለመስረቅ ሳይሆን ሥራቸውን ለመጨረስ ነው። እርዳታ የሚጠይቁበት የተፈቀደ መንገድ፣ ኮድ የሚለዋወጡበት የውስጥ ገጽ፣ በውል የታሰረ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ከሌላቸው፣ የቱንም ያህል ጥብቅ ክትትል ቢደረግ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። የማያ ገጽ ምስል በየደቂቃው ከማንሳት ይልቅ የኮድ ማከማቻውን በር ማጠናከርና የተፈቀደውን መንገድ ማመቻቸት የሰውንም ክብር፣ የድርጅቱንም ምስጢር የተሻለ ይጠብቃል።

ደረጃ 3፦ ፈቃድ ማግኘት

በደመወዝ የተጻፈ ኮድ በመደበኛነት የአሠሪው ንብረት ነው። ለማጋራት ሲያስቡ ለኃላፊዎ የሚልኩት ጥያቄ የትኛው ኮድ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጋራ፣ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በግልጽ ይናገር። ኮዱን በይፋ የሚለቁት ከሆነ የአጠቃቀም ፈቃዱ (ላይሰንስ) ዓይነትም አብሮ ይወሰን፤ ያለ ፈቃድ ሰነድ የተለቀቀ ኮድ በይፋ ስለታየ ብቻ ማንም እንዲጠቀምበት የተፈቀደ አይሆንም። ከሌላ ሰው የተወሰደ ክፍል ካለበትም የዚያን ክፍል ፈቃድ ያጣሩ።

ደረጃ 4፦ ኮዱን መቀነስ

እርዳታ ለመጠየቅ ሙሉውን ፋይል መላክ አያስፈልግም። የተሻለው ዘዴ ካለው ፋይል ላይ እየቆረጡ መቀነስ ሳይሆን በባዶ ፋይል ጀምሮ ችግሩን ብቻ የሚያሳይ አነስተኛ ኮድ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ከትልቅ ፋይል ሲቆረጥ የሚዘነጋ ነገር አይጠፋም፤ ከባዶ ሲጻፍ ግን የሚገባው እርስዎ አውቀው ያስገቡት ብቻ ነው። ለጠያቂውም የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ችግሩን ለይቶ ሲጽፍ መልሱን ራሱ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና።

የሠንጠረዦችን፣ የደንበኞችንና የፕሮጀክቶችን ስም በሌላ ይተኩ። የድረ ገጽ አድራሻ ካስፈለገ ለምሳሌነት ተብሎ ከ1999 ጀምሮ የተከለለውን ኤግዛምፕል ዶት ኮም ይጠቀሙ። የአይፒ አድራሻም ቢሆን በሰነዶች ውስጥ ለምሳሌነት ብቻ የተለዩ ሦስት ክልሎች አሉ፤ እነሱም በ192.0.2፣ በ198.51.100 እና በ203.0.113 የሚጀምሩት ናቸው። ከራስዎ ፈጥረው የሚጽፉት አድራሻ የአንድ እውነተኛ ሰው ወይም ድርጅት ሊሆን ስለሚችል እነዚህን መጠቀም ይመረጣል።

ከኮዱ ይልቅ በዙሪያው ያለው ነገር ምስጢር ያወጣል። የስሕተት መልእክት የተጠቃሚ ስምዎን የያዘ የፋይል መንገድና የውስጥ ሰርቨሮችን ስም ያሳያል። ኮድንና ውጤቱን አብሮ የሚይዘው የጁፒተር ማስታወሻ ደብተር ኮዱ ቢስተካከልም ቀድሞ የታየውን ውጤት፣ የደንበኞችን ዝርዝር ጭምር፣ ከፋይሉ ጋር ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ከማጋራትዎ በፊት ውጤቶቹን ሁሉ ያጽዱ። ስክሪንሾት ሲያነሱ በላይኛው ጠርዝ ያሉትን የብራውዘር ትሮች ርዕስና በጎን በኩል የሚታየውን የፋይሎች ዝርዝር ይመልከቱ። ምስጢራዊ ቃልን በምስል ላይ ማደብዘዝም አስተማማኝ አይደለም፤ የደበዘዘ ጽሑፍ ሊነበብ የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሸፍነው ወይም ቆርጠው ያስወግዱት።

ደረጃ 5፦ ምስጢሮችን ከኮዱ መለየት

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ደረጃ ብቻ የሚተገበር ቢሆን ይህኛው እንዲሆን እመርጣለሁ። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል፣ የኤፒአይ ቁልፍና ቶክን (ፕሮግራም ወደ ሌላ አገልግሎት የሚገባባቸው ምስጢራዊ ኮዶች)፣ የግል ምስጠራ ቁልፍ በኮድ ውስጥ መጻፍ የለባቸውም። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራና በ2019 የታተመ ጥናት ጊትሀብ ላይ በይፋ ከሚታዩት መካከል ከ100,000 በላይ የሆኑ ሪፖዚተሪዎች የወጡ ቁልፎች እንዳሉባቸው፣ በየቀኑም በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ቁልፎች እንደሚወጡ አሳይቷል። እነዚህን ቁልፎች የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ፤ «ትንሽ ቆይቼ አጠፋዋለሁ» ማለት ዋጋ የለውም።

ሪፖዚተሪው የግል መሆኑም በቂ መከላከያ አይደለም። በ2016 ኡበር ላይ የደረሰው የመረጃ ዝርፊያ ይህን ያሳያል። አጥቂዎቹ የድርጅቱ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበትን የግል ሪፖዚተሪ ከፍተው በኮዱ ውስጥ የተጻፈ የደመና አገልግሎት ቁልፍ በማግኘታቸው የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችንና ሾፌሮችን መረጃ ወስደዋል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ምስጢሮቹን ከኮዱ አውጥተው በኤንቫይሮንመንት ፋይል (ቅንብሮችን ከኮዱ ለይቶ በሚይዝ ፋይል) ወይም በምስጢር ማከማቻ አገልግሎት ያስቀምጡ፤ ኮዱ ሲነሣ ከዚያ ያንብባቸው። የኤንቫይሮንመንት ፋይሉን ስም በጊት ኢግኖር ዝርዝር፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለው ፕሮግራም በሚያልፋቸው ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ከመጀመሪያው ኮሚት (በጊት ከሚመዘገበው ለውጥ) በፊት ነው። ጊት አንድ ጊዜ መከታተል የጀመረውን ፋይል በዝርዝሩ ውስጥ ስለተጻፈ ብቻ መከታተሉን አይተውም። ለባልደረቦችዎ የተለዋዋጮቹን ስም ብቻ የያዘና ዋጋቸው ባዶ የሆነ የናሙና ፋይል ይተዉላቸው። ቀጥሎ ጊትሊክስ ወይም ትራፍልሆግ የተባለውን ነፃ የምስጢር መፈለጊያ ይጫኑና ከእያንዳንዱ ኮሚት በፊት በራሱ እንዲሠራ ያድርጉት። ጊትሀብም ለሁሉም ክፍት በሆኑ ሪፖዚተሪዎች ላይ የታወቁ ቁልፎችን የያዘ ፑሽ (ወደ ድረ ገጹ የሚላክ ለውጥ) የሚያግድ መከላከያ አለው፤ እርሱ የሚይዘው ግን ቅርጻቸውን የሚያውቃቸውን እንጂ «አድሚን123» የመሰለ የይለፍ ቃልን አይደለም። በመጨረሻም ሁሉንም ፋይል በአንድ ትእዛዝ ከማስገባት ይልቅ ለኮሚት የተዘጋጀውን ለውጥ መስመር በመስመር ያንብቡት፤ ማንኛውም መሣሪያ ይህን ንባብ አይተካውም።

ደረጃ 6፦ መንገዱን መምረጥ

ኮዱ የሚላክበት መንገድ የሚመረጠው በሚያየው ሰው ነው። ለዓለም ሁሉ ከሆነ ይፋዊ ሪፖዚተሪ ይበቃል። ለተወሰኑ ሰዎች ከሆነ ግን የግል ሪፖዚተሪ ከፍተው እያንዳንዱን ሰው በራሱ አካውንት ይጋብዙ፤ ማንበብ ብቻ ለሚያስፈልገው የመጻፍ ሥልጣን አይስጡ፤ ሥራው ሲያልቅ ያስወጡት። ጊትሀብ ላይ «ምስጢራዊ» ተብሎ የሚፈጠር ጂስት (አጭር ኮድ የሚጋራበት ገጽ) በፍለጋ አይገኝም እንጂ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያየዋል፤ ስሙ እንዳያሳስትዎ።

ኮድ የሚያስተካክሉ፣ ጄሶን በተባለው ቅርጽ የተጻፈ መረጃን አሳምረው የሚያሳዩ፣ ቶክን የሚፈቱ ነፃ ድረ ገጾችን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፤ የሥራ መረጃ እዚያ ላይ አይለጠፍ። የኮድ ማረሚያ ፕሮግራሞች ይህን ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠሩታል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶችም በዚሁ ዓይን ይታዩ። በ2023 ሳምሰንግ ሠራተኞቹ የውስጥ ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ መለጠፋቸውን ካወቀ በኋላ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ መጠቀምን አግዶ ነበር። ድርጅትዎ ውል የፈጸመበት ረዳት ካለ እርሱን በድርጅቱ አካውንት ይጠቀሙ እንጂ በግል አካውንትዎ አይግቡ።

አንድን ፋይል ለአንድ ሰው ብቻ መላክ ካስፈለገ ኤጅ ወይም ጂፒጂ በተባለው መሣሪያ አመሥጥረው ይላኩት፤ የይለፍ ቃሉን ግን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በስልክ ጥሪ፣ ይንገሩ። ፋይሉንና ቁልፉን በአንድ ኢሜይል መላክ ካለማመስጠር አይለይም።

አካውንትዎ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ለጊት ግንኙነት ኢዲ25519 የተባለውን የኤስኤስኤች ቁልፍ (በይለፍ ቃል ፈንታ ማንነትዎን የሚያረጋግጥ የቁልፍ ፋይል) በይለፍ ሐረግ ጠብቀው ይጠቀሙ፤ ቶክን ካስፈለገም ለአንድ ሪፖዚተሪ ብቻ የሚያገለግልና ማብቂያ ቀን ያለው ይሁን። የግልና የሥራ ማንነትዎንም ይለዩ። ጊት በእያንዳንዱ ኮሚት ላይ ስምና ኢሜይል ስለሚጽፍ፣ የሥራ ኢሜይልዎ በግል ፕሮጀክት ላይ ወይም የግል ኢሜይልዎ በሥራ ኮድ ላይ እንዳይወጣ ለእያንዳንዱ ፎልደር የተለየ ቅንብር ያዘጋጁ። ጊትሀብ እውነተኛውን አድራሻ የሚሸፍን ምትክ ኢሜይልም ይሰጣል።

ደረጃ 7፦ ምስጢር ከወጣ በኋላ

ቁልፍ እንደወጣ የተረዳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፋይሉን መሰረዝ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ሥራ ቁልፉን ከአገልግሎቱ ላይ መሻርና በአዲስ መተካት ነው። የተሻረ ቁልፍ በማንም እጅ ቢገባ አይከፍትም፤ የተሰረዘ ፋይል ግን ከጊት ታሪክ ውስጥ፣ በሌሎች ሰዎች ቅጂ ውስጥና በመድረኩ ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ይቆያል።

ሁለተኛው ወዲያውኑ ለደኅንነት ክፍሉ ወይም ለኃላፊዎ ማሳወቅ ነው። የትኛው ቁልፍ እንደወጣ፣ ምን ይከፍት እንደነበረ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት በይፋ እንደታየና መቼ እንደተሻረ ይጻፉ። መዘግየት ጉዳቱን ያብሳል። ቶዮታ በጥቅምት 2022 ይፋ እንዳደረገው፣ አንድ ንዑስ ተቋራጭ በታኅሣሥ 2017 በስሕተት በይፋ የለቀቀው የኮድ ክፍል የመረጃ ሰርቨር ቁልፍ ይዞ እስከ መስከረም 2022 ድረስ ለማንም ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ በዚህም የ296,019 ደንበኞች የኢሜይል አድራሻ ለአደጋ ተጋልጧል። ድርጅቱ ሰርቨሩን ሌላ ሰው ገብቶበት እንደሆነ ከመዝገቡ ማረጋገጥ አልቻለም፤ አልገባበትም ብሎ ማለፍም አልቻለም።

ሦስተኛው ቁልፉ በወጣበት ጊዜ ውስጥ ማን እንደተጠቀመበት ከአገልግሎቱ መዝገብ መመርመር ነው። ከማይታወቅ አድራሻ የመጣ ጥያቄ፣ ያልፈጠሩት ሰርቨር ወይም ያልከፈቱት አካውንት ካለ ለደኅንነት ክፍሉ ያስተላልፉ እንጂ ለብቻዎ አያጥፉት፤ ማስረጃ ነውና።

ታሪኩን ማጽዳት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጊት ፊልተር ሪፖ የተባለው መሣሪያ ፋይሉን ከሁሉም ኮሚቶች ያስወግዳል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱን ታሪክ በግዳጅ ፑሽ ማድረግና ባልደረቦች ሁሉ አሮጌውን ቅጂ ጥለው እንደ አዲስ እንዲያወርዱ ማድረግ ያስፈልጋል። አንዱ እንኳ ከአሮጌው ቅጂ ላይ ፑሽ ካደረገ የወጣው ምስጢር ተመልሶ ይገባል። ሌሎች ሰዎች ሪፖዚተሪውን ፎርክ አድርገው (ወደ ራሳቸው አካውንት ገልብጠው) ከነበረ የእነሱ ቅጂ በዚህ አይነካም፤ በጊትሀብ ጊዜያዊ ማከማቻ የቀሩትን ገጾች ለማስወገድም የጊትሀብን የድጋፍ ክፍል መጠየቅ የግድ ነው።